ጁባ በዓረብኛ ታወራለች፣ በእንግሊዝኛ ትፈርማለች

በደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ በጁባ ቤት ሊከራይ የተነሳ ሰው ዋጋ የሚከራከረው በዓረብኛ ነው። ደላላው ቤቱን የሚያሞካሸው፣ አከራዩ የስድስት ወር ቅድሚያ ክፍያ የሚጠይቀው፣ ተከራዩም "ኧረ ቀንስልኝ" የሚለው በዓረብኛ ነው። ዋጋው ሲቆረጥ ግን የሚመጣው ወረቀት እንግሊዝኛ ነው። አከራዩ ማንበብ ካልቻለ ከጎረቤት ሃይስኩል የሚማር ልጅ ይጠራና ያነብላቸዋል፤ ልጁ ያነበበውን የሚያስረዳቸው ደግሞ ተመልሶ በዓረብኛ ነው። ፊርማው ካለቀ በኋላ ሁሉም ቤቱ ገብቶ ከሚስቱና ከልጆቹ ጋር በሦስተኛ ቋንቋ ያወራል፤ አንዱ በባሪ፣ አንዱ በዲንካ፣ አንዱ በዛንዴ።

ደቡብ ሱዳን ነፃ አገር የሆነችው ጁላይ 9 ቀን 2011 ነው (እዚህ ጽሑፍ ላይ ዓመቶቹ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)። የሽግግር ሕገ መንግሥቷ አንቀጽ 6 የአገሬውን ቋንቋዎች በሙሉ "ብሔራዊ ቋንቋ" ይላቸዋል፤ ቁጥራቸው ከ60 በላይ ነው። የመንግሥት የሥራ ቋንቋና በየደረጃው ያለው ትምህርት ማስተማሪያ ግን እንግሊዝኛ ነው ይላል። ዓረብኛ አንቀጹ ውስጥ አልተጠቀሰም። ከስድስት ዓመት በፊት፣ በ2005፣ ደቡቡ ገና የሱዳን ራስ ገዝ ክልል ሳለ በጸደቀው ጊዜያዊ ሕገ መንግሥት ግን እንግሊዝኛና ዓረብኛ ሁለቱም የሥራ ቋንቋ ነበሩ። ስለዚህ ዓረብኛ ተዘንግቶ የቀረ ሳይሆን ታስቦበት የወጣ ነው።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው ግራ ያጋባል። በነፃነቱ ዋዜማ ከአዋቂው ሕዝብ ማንበብና መጻፍ የሚችለው 27 በመቶ ያህሉ ብቻ ነበር፤ በእንግሊዝኛ የሚያነበው ደግሞ ከዚያም ያንሳል። በአንጻሩ በከተሞች ከጎሳው ውጭ ያለ ሰው ያጋጠመው ሁሉ ወሬ የሚከፍተው በዓረብኛ ነው። (ገጠር ያለ ከብት አርቢ ሁለቱንም ላይችል ይችላል፤ እሱን ለጊዜው እንተወው።) ታዲያ ሰው የሚግባባበትን አስወጥቶ ጥቂቱ የሚያነበውን ብቻ ማስቀረት ምን የሚሉት ነው?

ብዙ ጊዜ የሚሰማው መልስ "የቅኝ ግዛት ቅሪት ነው" የሚል ነው። እኔ በዚህ መልስ አልረካም። ይህ ውሳኔ የተወሰነው እንግሊዞች ሱዳንን ለቀው ከሄዱ ከ55 ዓመት በኋላ ነው። በመሃሉ በሰሜኑና በደቡቡ መካከል ሁለት ረጃጅም ጦርነቶች አልፈዋል፤ በሁለቱም ቋንቋ ከዋናዎቹ መጣያ ምክንያቶች አንዱ ነበር። እንግሊዝኛ የተመረጠው ሰው ስለሚናገረው አይደለም። የማን አገዛዝ እንደማይፈለግ ስለሚናገር ነው። ይህን ለማየት ግን መጀመሪያ ዓረብኛው ራሱ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ማወቅ ያስፈልጋል።

የዘሪባው ዓረብኛ

የግብፁ ገዢ የመሐመድ ዓሊ ፓሻ ጦር ሰሜን ሱዳንን የያዘው በ1820 እና በ1821 ነው። ከ20 ዓመት በኋላ ነጭ ዓባይን ተከትለው ወደ ደቡብ የዘለቁት መርከቦቹ ዛሬ ጁባ ያለችበት አካባቢ ደረሱ። በስተኋላቸው የዝሆን ጥርስና ባሪያ የሚፈልጉ ነጋዴዎች ጎረፉ። ነጋዴዎቹ በየደረሱበት በእሾህ የታጠረ ሰፈር ይተክሉ ነበር፤ ዘሪባ ይባላል። ዘሪባ ውስጥ የሰሜኑ ነጋዴ፣ የግብፅ መኮንን፣ ከየጎሳው ተይዞ ጠመንጃ የተሸከመ የደቡብ ልጅ፣ ለወጥ ቤትና ለሚስትነት የተወሰደች ሴት አንድ ላይ ይኖራሉ። ሁሉንም የሚያገናኘው የአለቃው ቋንቋ ነው፤ አስተማሪ ግን የለውም። ሰው ከትእዛዝ፣ ከስድብና ከገበያ ወሬ እየለቀመ ተናገረው። እዚያው የተወለዱ ልጆችም አፋቸውን ፈቱበት።

በ1880ዎቹ የማህዲ እንቅስቃሴ ሰሜኑን ሲቆጣጠር ደቡብ ውስጥ ተቆርጠው ከቀሩት የግብፅ መንግሥት ወታደሮች ብዙዎቹ ከነቤተሰባቸው ወደ ዩጋንዳ ተሻገሩ። የልጅ ልጆቻቸው ዛሬ ኑቢ ይባላሉ። ዩጋንዳ ውስጥ ቦምቦ፣ ናይሮቢ ውስጥ ደግሞ ኪቤራ የሚነገረው ኑቢኛ የዚያው የዘሪባ ቋንቋ ልጅ ነው። አገሩ የቀረው ወንድሙ ጁባ ዓረብኛ ተባለ።

ጁባ ዓረብኛ "የተበላሸ ዓረብኛ" አይደለም፤ የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋ ነው። "ወደ ገበያ እየሄድኩ ነው" ለማለት "አና ጊ ሩዋ ፊ ሱክ" ይባላል፤ ተናጋሪው ወንድ ሆነ ሴት ለውጥ የለም። "እኛ" ሲሆን "ኒና ጊ ሩዋ"፣ "እነሱ" ሲሆን "ኡማን ጊ ሩዋ"። ተውላጠ ስሙ ብቻ ይቀየራል እንጂ ግሡ ንቅንቅ አይልም። ትሄዳለህ፣ ትሄጃለሽ፣ ትሄዳላችሁ እያልን ግሡን ለምናገላብጥ ለእኛ ይህ ትልቅ ዕረፍት ነው። ከጉሮሮ የሚወጡት የዓረብኛ ድምፆችም ተትተዋል፤ አማርኛ ዐ እና አን፣ ሐ እና ሀን በአንድ ድምፅ እንዳደረጋቸው ማለት ነው። ከቤይሩት ወይም ከሪያድ ዓረብኛ ይዞ ጁባ የሄደ የእኛ አገር ሰው መጀመሪያ ሲሰማው የሚቀልዱበት ይመስለዋል። ሆቴልና ሱቅ ከፍተው እዚያ የከረሙ ኢትዮጵያውያን ግን ሳይማሩ ከደንበኛ አፍ ለቅመው የያዙት እሱኑ ነው።

ስለዚህ ደቡብ ሱዳን ውስጥ "ዓረብኛ" ሲባል ቢያንስ ሦስት ነገር ነው። አንዱ የመጽሐፍና የትምህርት ቤት ዓረብኛ ነው፤ ሁለተኛው የካርቱም ሰው የሚያወራው፤ ሦስተኛው ጁባ ዓረብኛ። ደቡቦች ሲዋጉት የኖሩት የመጀመሪያውን ነው፤ ሲዋጉት ደግሞ እርስ በርስ የተግባቡት በአብዛኛው በሦስተኛው።

እንግሊዝኛ እንደ አጥር

በ1899 እንግሊዝና ግብፅ ሱዳንን በጋራ ሊገዙ ተዋዋሉ፤ በተግባር ገዢዋ እንግሊዝ ነበረች። ደቡቡን ከሰሜኑ ለይታ ለማስተዳደር ወሰነች። በ1922 በወጣ ደንብ ደቡቡ "ዝግ ወረዳ" ሆነ፤ የሰሜን ነጋዴ ያለ ፈቃድ አይገባበትም። ትምህርት ለሚሲዮናውያን ተሰጠ፤ አገሩን ለካቶሊኮች፣ ለአንግሊካኖችና ለአሜሪካ ፕሬስቢቴሪያኖች ቀጣና አድርገው ከፋፈሉላቸው። በ1928 ጁባ አጠገብ ባለችው ሬጃፍ ጉባኤ ተጠርቶ ዲንካ፣ ባሪ፣ ኑዌር፣ ሎቱኮ፣ ሽሉክና ዛንዴ የአንደኛ ደረጃ ማስተማሪያ እንዲሆኑና በላቲን ፊደል እንዲጻፉ ተወሰነ። ከዚያ በላይ ያለው ትምህርት በእንግሊዝኛ። በ1930 የወጣው የደቡብ ፖሊሲ የሚባለው መመሪያ ደግሞ ዓረብኛን ከቢሮ ማስወጣትን ግልጽ ዓላማ አደረገው። በአንዳንድ ወረዳ የዓረብ ልብስና የዓረብ ስም ሳይቀር ተከለከለ።

እዚህ ላይ አንድ የሚያስቅ ነገር አለ። ዓረብኛ እንዲጠፋ ያዘዙት እንግሊዝ ሹማምንት ራሳቸው ከፖሊሱና ከወታደሩ ጋር የሚግባቡት በዚያው በዓረብኛ ነበር። የከለከሉት ቋንቋ ባይኖር ኖሮ ክልከላውን ለሕዝቡ የሚያስነግሩበት አልነበራቸውም።

ፖሊሲው የኖረው 16 ዓመት ያህል ብቻ ነው። በ1946 ተገልብጦ "ደቡቡ ከሰሜኑ ጋር አንድ አገር ይሆናል" ተባለ፤ በሰኔ 1947 ጁባ ላይ በተደረገ ስብሰባም ተነገራቸው። ጥሎት የሄደው ነገር ግን ቀላል አይደለም። በሚሲዮን ትምህርት ቤት አልፎ እንግሊዝኛ የሚጽፍ፣ ዓረብኛ ማንበብ የማይችል አንድ ትንሽ የተማረ ክፍል ደቡብ ውስጥ ተፈጠረ። አዲሲቱ አገር ደግሞ የምትመራው በዓረብኛ ሊሆን ነው።

ሒሳቡ ቶሎ መጣ። በ1954 እንግሊዞች የሚለቋቸው 800 ያህል የመንግሥት የሥራ ቦታዎች ለሱዳናውያን ሲከፋፈሉ ለደቡብ የደረሰው ከአሥር አይሞላም። በነሐሴ 1955፣ ነፃነቱ ከመታወጁ ከአራት ወር በፊት፣ ቶሪት ላይ የደቡብ ወታደሮች አመጹ። ከነፃነት በኋላ ደግሞ ካርቱም አገር አንድ የሚሆነው በአንድ ቋንቋና በአንድ ሃይማኖት ነው ብላ ገፋችበት። በ1957 የሚሲዮን ትምህርት ቤቶች ተወረሱ። በ1960 ደቡብ ውስጥ የሳምንቱ የዕረፍት ቀን ከእሑድ ወደ ዓርብ ተዛወረ፤ ተማሪዎች አድማ መቱ። በ1964 የውጭ ሚሲዮናውያን በሙሉ ከደቡብ ተባረሩ። ትምህርቱ በዓረብኛ ሆነ። ለደቡቡ ወጣት እንግሊዝኛ ከዚህ በኋላ የእንግሊዝ ቋንቋ መሆኑ ቀርቶ የቤተ ክርስቲያኑና የእምቢታው ቋንቋ ሆነ። ዓረብኛ ደግሞ ምንም ያህል ቢናገረው የመንግሥት ጡጫ ነበር።

አዲስ አበባ ላይ የተጻፈችው ሐረግ

የመጀመሪያው ጦርነት ያበቃው አዲስ አበባ ላይ ነው። የካቲት 1972 የሱዳኑ ፕሬዚዳንት የኒሜሪ መንግሥትና አንያንያ የሚባሉት የደቡብ አማጽያን በዓለምና በአፍሪካ አብያተ ክርስቲያናት ጉባኤዎች አገናኝነት፣ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ሸምጋይነት ተስማሙ። ስለ ቋንቋ የተጻፈው አጭር ነው፤ በራሴ አባባል ሳስቀምጠው፦ ዓረብኛ የሱዳን ኦፊሴላዊ ቋንቋ ይሆናል፤ እንግሊዝኛ የደቡብ ክልል ዋና ቋንቋ ይሆናል፤ ይህ ግን ለሥራ የሚያስፈልግ ሌላ ማንኛውንም ቋንቋ ከመጠቀም አያግድም።

ስለ ደቡብ ሱዳን ቋንቋ እስካሁን ከተጻፈው ሕግ ሁሉ የበሰለው ይህ ይመስለኛል። በተለይ የመጨረሻዋ ሐረግ። ሕጉ ለሁለቱ ትልልቅ ቋንቋዎች ማዕረግ ሰጥቶ ሲያበቃ ለጸሐፊው፣ ለነርሷ፣ ለዳኛው መውጫ በር ይተውላቸዋል፦ ሰውየው የሚገባው በጁባ ዓረብኛ ከሆነ በጁባ ዓረብኛ አነጋግረው። ማን ላዕላይ ነው የሚለው ጥያቄና ማን ምን ይገባዋል የሚለው ጥያቄ ለየብቻ ተመለሱ።

(በነገራችን ላይ፣ ይህን ያስማሙት ንጉሥ በራሳቸው ግዛት ተቃራኒውን ነበር ያደረጉት። የ1952ቱ የኤርትራ ሕገ መንግሥት ትግርኛንና ዓረብኛን የሥራ ቋንቋ አድርጎ ነበር፤ ፌዴሬሽኑ በ1962 ሲፈርስ ሁለቱም ወርደው አማርኛ ብቻ ቀረ። ለጎረቤት የሚታዘዝ መድኃኒት በገዛ ቤት አይዋጥም።)

ስምምነቱ 11 ዓመት ቆየ። በ1983 ኒሜሪ የደቡቡን ክልል በሦስት ከፈለ፤ በመስከረም ሸሪዓን የአገር ሕግ አደረገ። በዚያው ዓመት የተነሳው የጆን ጋራንግ ንቅናቄ ሰፈሩን ያደረገው ኢትዮጵያ ውስጥ፣ ጋምቤላ ነው። ኢታንግ በስደተኛ ተጥለቀለቀች፤ የንቅናቄው ሬዲዮም እስከ 1991 የሚሰማው ከኢትዮጵያ ምድር ነበር፤ በእንግሊዝኛ፣ በዓረብኛና በአገሬው ቋንቋዎች። የንቅናቄው ማኒፌስቶ የተጻፈው በእንግሊዝኛ ነው። ጦሩ ግን ከዲንካ፣ ከኑዌር፣ ከሽሉክ፣ ከኑባ ተራሮች ተለቃቅሞ የመጣ ስለሆነ ሰልፉም ትእዛዙም ዘፈኑም በአብዛኛው በዓረብኛ ነበር። የዓረብኛን የበላይነት ሊጥል የወጣ ጦር በዓረብኛ እየዘፈነ ይዘምት ነበር፤ ማንም አልገረመውም።

ጦርነቱ 22 ዓመት ሲወስድ የአንድ አገር ልጆች በሁለት ቋንቋ አደጉ። ወደ ካርቱም የሸሸው ቤተሰብ ልጅ በዓረብኛ ተማረ። በ1990 የአል በሽር መንግሥት የከፍተኛ ትምህርቱንም ወደ ዓረብኛ እንዲዞር አዘዘ፤ ከጁባ ተነስቶ ካርቱም የገባው የጁባ ዩኒቨርሲቲም አልተረፈም። ወደ ደቡብ የሸሸው ደግሞ ዩጋንዳ ወይም ኬንያ፣ ካኩማ ካምፕ ገባ፤ የኬንያን ትምህርት በእንግሊዝኛ ተማረ። በጥር 2005 ሰላም ሲፈረም ሁለቱ ትውልድ አንድ ከተማ ላይ ተገናኘ።

እዚህ ጋ ነው ብዙ ማብራሪያ የሚዘለው ነገር ያለው። የቋንቋ ምርጫ ሲወሰን አብሮ የሚወሰን ሌላ ነገር አለ፦ ማን ወንበር እንደሚያገኝ። ሥልጣን የያዘው ንቅናቄ ካድሬዎቹም ልጆቹም ያደጉት በእንግሊዝኛው በኩል ነው። የእንግሊዝኛ ብቻ ቢሮ ማለት ከካምፓላና ከናይሮቢ የተመለሰው ከካርቱም የተመለሰውን ቀደመው ማለት ነው። ካርቱም ሕግ ያጠና ሰው ጁባ መጥቶ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ሕግ እያነበበ መፍረድ አለበት፤ 15 ዓመት በዓረብኛ ያስተማረ መምህር በሁለት ሳምንት ሥልጠና እንግሊዝኛ አስተማሪ ይሆናል ተብሎ ይጠበቃል። በዚያ ላይ "ጦርነቱ ሲካሄድ ጠላት ከተማ ተቀምጠህ ነበር" የሚል ነገር ከጀርባ ይወራል። የቋንቋ ፈተና የሚመስለው አንዳንዴ የታማኝነት ፈተና ነው።

ለምን ከራሳቸው አንዱን አልመረጡም?

ይህን ሁልጊዜ የሚጠይቅ ሰው አለ፤ በተለይ ከእኛ ዘንድ። መልሱ አጭርና መራር ነው። ትልቁ ቋንቋ ዲንካ ነው፤ ተናጋሪዎቹ ግን ከሕዝቡ ግማሽ አይሞሉም፤ ፖለቲካውንና ጦሩንም ተቆጣጥረዋል የሚል ቅሬታ ከነፃነቱ በፊት ጀምሮ አለ። ዲንካን የመንግሥት ቋንቋ ማድረግ ማለት ያን ቅሬታ በሕግ ማጽደቅ ነው። በታኅሣሥ 2013 ጁባ ላይ ጦርነት ሲፈነዳ ወታደሮች ሰውን መንገድ ላይ አቁመው በዲንካ ይጠይቁ ነበር፤ መመለስ ያልቻለ ኑዌር ነው ተብሎ ተገደለ። የሰብዓዊ መብት መርማሪዎች በዝርዝር የመዘገቡት ነገር ነው። እንዲህ ባለ አገር የማንም ያልሆነ ቋንቋ መኖሩ ቅንጦት አይደለም።

እንግሊዝኛ የማንም አይደለም። ግን ጁባ ዓረብኛም የማንም አይደለም፤ ዲንካውም ኑዌሩም ባሪውም በአብዛኛው በሁለተኛ ቋንቋነት የያዙት ነው። ከከተሞች ውጭ ተወልዶ የሚናገረው ሰው በአብዛኛው ከገበያ ነው የለቀመው። ታዲያ እሱስ ለምን አልታሰበም? አንዱ ምክንያት ስሙ ነው፤ "ዓረብኛ" የሚል ቃል ያዘለ ነገር በ2011 ፓርላማ ውስጥ ደጋፊ ማግኘት አይችልም ነበር። ሌላው ንቀት ነው። የተማረው ሰው ራሱ እቤቱ እየተናገረው "ይሄ ቋንቋ አይደለም፣ የገበያ ነው" ይልሃል። ሦስተኛው እውነተኛ ችግር ነው፦ ሁሉም የተቀበለው የጽሕፈት ሥርዓት የለውም፤ በዓረብ ፊደል ይጻፍ ወይስ በላቲን በሚለው እንኳ ስምምነት የለም። ሕግና የሒሳብ መጽሐፍ በነገው ዕለት በጁባ ዓረብኛ ይውጣ ማለት ቀልድ ነው።

መናገር ግን ሌላ ነው። በተባበሩት መንግሥታት የሚደገፈው ራዲዮ ሚራያ ከ2006 ጀምሮ ዜና የሚያነበው በእንግሊዝኛና በቀላል ዓረብኛ ነው፤ ሰው እንዲገባው የሚፈልግ ሁሉ ቋንቋውን ከሕግ ላይ አይመርጥም። ጁባ ያሉ አብያተ ክርስቲያናት በዓረብኛ ይቀድሳሉ፣ በዓረብኛ ይዘምራሉ፤ "ዓረብኛ እስልምና ነው" የሚለው የድሮ ሙግት እዚያ አይሠራም። በ2012 ለንደን ውስጥ በተካሄደ የቲያትር ፌስቲቫል ላይ አዲሲቱን አገር ወክሎ የወጣው ቡድን መድረክ ላይ የተናገረው በጁባ ዓረብኛ ነበር። አገሪቱ ለዓለም ራሷን ስታሳይ ያወጣችው ሕገ መንግሥቷ የማያውቀውን ቋንቋ ነው።

ሰሌዳው ፊት የቆመው ልጅ

ሚያዝያ 2023 ካርቱም ላይ ጦርነት ሲጀመር ነገሩ እንደገና ተነሳ። እዚያ ይኖሩ የነበሩ ደቡብ ሱዳናውያን በመቶ ሺዎች እየሆኑ በጆዳ ድንበር በኩል ሬንክ ወደምትባለው ከተማ ገቡ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ ልጆች ካርቱም የተወለዱ ናቸው፤ የወላጆቻቸውን አገር አይተውት አያውቁም።

ካርቱም ስድስተኛ ክፍል የደረሰ ልጅ እናስብ። ሒሳብ የሚጽፈው ከቀኝ ወደ ግራ ነው። የማይታወቀውን ቁጥር ኤክስ አይለውም፣ በዓረብኛው ፊደል ሲን ነው የሚለው። ቁጥሮቹ የዓረብ ቁጥሮች ናቸው፤ በእነሱ ዜሮ ነጥብ ናት፣ አምስት ደግሞ ትንሽ ክብ። አሁን አዲስ ትምህርት ቤት ገብቶ ሰሌዳው ላይ 50 ተጽፎ ያያል። አምስቱን አያውቀውም፤ ዜሮዋን አምስት ብሎ ያነባታል። ሒሳቡን ጠንቅቆ የሚያውቅ ልጅ ነው፤ መምህሩ ግን እንዳልተማረ ልጅ ቆጥሮ ከታናናሾቹ ጋር አንደኛ ወይም ሁለተኛ ክፍል ያስቀምጠዋል። አሥራ ሦስት ዓመት ሞልቶት ከሰባት ዓመት ልጅ ጋር መቀመጥ የሚያሳፍረው ደግሞ ከርሞ ትምህርቱን ይተዋል።

መምህሩ ራሱ ዓረብኛ ይችላል፤ በእረፍት ሰዓት ከልጁ ጋር የሚያወራው በእሱ ነው። በአንድ ሰዓት ቁጥሮቹን ሊያስለምደው ይችላል። በክፍል ሰዓት ግን እንግሊዝኛ ነው የታዘዘው። ሕገ መንግሥቱ በየደረጃው እንግሊዝኛ ቢልም፣ በወረቀት ላይ ያለው የትምህርት ፖሊሲ ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል በአካባቢው የአፍ መፍቻ ቋንቋ፣ ከአራተኛ ጀምሮ በእንግሊዝኛ ይላል። የአፍ መፍቻ ማለት ዲንካ፣ ኑዌር፣ ሽሉክ ነው። ካርቱም ተወልዶ አፉን በዓረብኛ የፈታው ልጅ በየትኛውም ሳጥን አይገባም።

በዚህ ላይ ሌላ ቋንቋ እየመጣ ነው። ደቡብ ሱዳን በ2016 የምሥራቅ አፍሪካ ማኅበረሰብ አባል ሆናለች፤ ስዋሂሊም ይማሩ የሚል ሐሳብ ተነሥቷል። ከዩጋንዳና ከኬንያ ለሚመጣው ሹፌርና ነጋዴ ጥሩ ነው። መምህር ባጠረበት አገር አራተኛ ቋንቋ በማን ይማሩታል የሚለው ግን መልስ ይፈልጋል።

እንግሊዝኛ ይውጣ የሚል ደቡብ ሱዳን ውስጥ የሚሰማ የለም፤ እኔም አልልም። ሕጉ፣ ዩኒቨርሲቲው፣ ከጎረቤቶች ጋር ያለው ንግድ ሁሉ በእሱ ተሰናስሏል፤ ወላጅም ልጁ እንዲማርለት የሚፈልገው እሱን ነው። ክርክሩ ያለው ሌላ ቦታ ነው፦ ፍርድ ቤት የቀረበች ሴት የተፈረደባትን በሚገባት ቋንቋ የመስማት መብት አላት ወይስ የዳኛው በጎ ፈቃድ ነው? ከካርቱም የመጣ ልጅ በሚያውቀው ቋንቋ ተፈትኖ ክፍሉ ይወሰንለታል? ለእነዚህ ዓረብኛን ወደ ዙፋኑ መመለስ አያስፈልግም፤ አዲስ አበባ ላይ እንደተጻፈችው ዓይነት አንዲት ሐረግ ትበቃለች። የ2011ዱ ሕገ መንግሥት ዛሬም ስሙ የሽግግር ነው፤ በማሻሻያ በማሻሻያ እየተራዘመ ይሠራል። ቋሚው ገና ስላልጸደቀ አንቀጽ 6 አልተዘጋም።